ሁለቱን ክንዶቼን ለኮሚቴዎ ስለማቅረብ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ደምዎ ያለ አንዳች እንቅፋት ከልብዎ ወደ ጣትዎ፣ ከጣትዎም ወደ ልብዎ የሚመላለስ፣ ብዕር ሲያነሡ ክንድዎ የማይነዝርዎ ሆነው እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴ ለወጉ ያህል የተጻፈ እንዳይመስልዎ። በዚህ ሆስፒታል ውስጥ የእርስዎን ያህል በጤና መሰንበት የሚያስፈልገው ሰው የለም፤ አንድ ቀን አሞዎት እዚሁ የታከሙ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ ያወጧቸው መመሪያዎች ሁሉ በእርስዎም ላይ ይሠራሉና ፈጣሪ ይጠብቅዎ።

ማን እንደሆንኩ ግራ ይገባዎት ይሆናል። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ውስጥ የሆስፒታሉን ጨርቃ ጨርቅ የምሰፋ ሠራተኛዎ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሕሙማን የሚተኙበትን አንሶላ፣ ሐኪሞች ከኋላቸው የሚያስሩትን የቀዶ ሕክምና ጋውን፣ የሕፃናት ክፍሉን ትራስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከወንበርዎ ጀርባ የተንጠለጠለውን መጋረጃም ፀሐይ ማጅራትዎን እንዳትነካዎት ተብሎ ሦስት ጊዜ ተርትሬ ሦስት ጊዜ ሰፍቼዋለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፍልዎ የውጭ ሰው ሆኜ ሳይሆን የቤትዎ ሰው ሆኜ ነውና፣ የቤት ሰው የሚናገረውን ያህል ብደፍርዎ ይቅር ይበሉኝ።

ስለምን በአደባባይ እንደምጽፍም ልንገርዎ። ከዚህ በፊት አምስት ደብዳቤዎች በታሸገ ፖስታ አስገብቻለሁ። አምስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ቁጥሮቹ በሚያምር እጅ ጽሑፍ የተጻፉ ስለሆኑ የጻፈችውን ልጅ ሳላመሰግን አላልፍም። መልስ ግን አልመጣም። እኔም ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ይዤ ሰባት ወር ዝም ብዬ አየሁት፤ ዝምታዬ ባይነቅዝም ክንዴ ነቅዟልና ይህኛውን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ አደረግኩት።

በሽታዬ እንደ ትልልቆቹ በሽታዎች ስሙ የሚያስፈራ አይደለም። ከክንዴ ቆዳ ሥር፣ ሰው ሁሉ በዓይኑ በሚያያቸው ሰማያዊ ደም ሥሮች ውስጥ ደም ይረጋል። መጀመሪያ ቦታው ይሞቀኛል። ከዚያ ይቀላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ደም ሥሩ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ድረስ እንደ ሲባጎ ይጠጥርና የሸሚዝ እጅጌ ሲነካው እንኳ ካውያ የተጫነብኝ ያህል ያቃጥለኛል። ሁለት ሦስት ሳምንት ከርሞ ሲለቀኝ ቡናማ መስመር ትቶብኝ ይሄዳል፤ ተገላገልኩ ስል በሌላ በኩል ይጀምረኛል። ባለፉት አሥራ ስድስት ወራት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሶብኛል። ባለቤቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ በመጀመሪያው ሰሞን ክንዴን ዳሰሰና «አንቺ ሴት፣ ሳላይሽ ሽቦ ዋጥሽብኝ እንዴ?» ብሎ አስቆኝ ነበር። ከአምስተኛው ወዲህ አይቀልድም፤ ዳስሶ ወደ ሬዲዮዎቹ ይመለሳል፤ እኔንም የቀልዱ መቅረት ያስፈራኛል።

ያዩኝ ሐኪሞች ሁሉ ከቆዳ ሥር ያለ የደም መርጋት ለብቻው ብዙውን ጊዜ ሰው እንደማይገድል ነግረውኛል። ይህን መጽናኛ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀብያለሁ። እኔ ግን ይገድለኛል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት ለምን ይመላለስብኛል ብዬ ነው። ይህን ጥያቄ ያነሣሁበትን መንገድና ያገኘሁትን መስተንግዶ በቅደም ተከተል እንዳቀርብልዎ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ካኑላው መዝገብ።

የመጀመሪያው ነገር የተነሣው በሳንባ ምች ታምሜ እዚሁ በተኛሁ ጊዜ ነው። መድኃኒቱ በደም ሥር ስለሚሰጥ ግራ ክንዴ ላይ ካኑላ ተተከለልኝ፤ እርስዎ ያውቁታል፣ አንባቢ ግን ባያውቅ፣ መርፌው ወጥቶ ደም ሥር ውስጥ የምትቀር ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ካኑላ ባከነ ብለው «የተከለ ይንቀል» የሚል መመሪያ ማውጣትዎ አይዘነጋም። በመመሪያው መሠረት የተከለችው ነርስ ስሟን በመዝገቡ ላይ ታሰፍራለች፤ ስትነቅልም እዚያው ስሟ ፊት ለፊት ትፈርማለች፤ በእሷ መስመር ላይ ሌላ ሰው ሊፈርም አይችልም። ለእኔ የተከለችልኝ ረጅሟ ሲስተር ነበረች፤ እጇ ሲበዛ ቀላል ስለሆነ መርፌው መግባቱን እንኳ አላወቅኩም። በማግስቱ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ተላከች። የሥልጠናው ርዕስ «የሕሙማን ደኅንነት» እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

መድኃኒቴ በሦስተኛው ቀን አለቀ። በአራተኛው ቀን ክንዴ ቀላ። በአምስተኛው ትኩሳት ያዘኝ። በየጠዋቱ የምትመጣው ተረኛ ነርስ ፋሻውን ገልጣ ታይና ፊቷ ይለዋወጣል፤ ከዚያ መዝገቡን ከፍታ ትመለከትና «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ብነቅለው የምፈርምበት መስመር የለኝም» ትለኛለች። ክፉ ልጆች አልነበሩም። አንዷ ከቤቷ ያመጣችውን ፎጣ ትኩስ ውሃ ውስጥ እየነከረች ታሽልኝ ነበር፤ በካኑላው ዙሪያ፣ ካኑላውን ሳትነካ፣ መመሪያዎን አክብራ። ረጅሟ ሲስተር በዘጠነኛው ቀን ስትመለስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወደ አልጋዬ መጣች፤ ክንዴን አየችና «ዘጠኝ ቀን? ዘጠኝ ቀን ሙሉ?» እያለች እንባዋ እየወረደ ነቀለችልኝ። ከዚያም ፈረመች። ከፊርማዋ አጠገብ በማተሚያ ቤት አስቀድሞ የታተመች «በአግባቡ ተነቅሏል» የምትል ቃል አለች፤ የምትሰረዝበት ቦታ በመዝገቡ ላይ ስለሌለ እንዳለች ቀረች።

ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ «ለምን ራስሽ መንጭቀሽ አልጣልሽውም?» ይለኛል። መልሱ ያሳፍረኛል፤ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና እነግርዎታለሁ። ፈርቼ ነው። ከእኔ በፊት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የራሱን ካኑላ ከራሱ ክንድ ላይ በመንቀሉ «የሆስፒታሉን ንብረት ያለ ፈቃድ በማንቀሳቀስ» ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ማስጠንቀቂያ የለችብኝም፤ በዚህም በጎረቤት ፊት ሳይቀር እኮራ ነበር። ማኅደሬን ንጹሕ አድርጌ ለማቆየት ብዬ ክንዴን ሰጠሁ። ሞኝነት ነው፤ እርስዎ ግን ሞኝነቴን በመመሪያ ስላስደገፉልኝ ብቻዬን አልሆንኩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀላሉ ሥራ።

ከሆስፒታል ወጥቼ ወደ ስፌት መኪናዬ በተመለስኩ በወሩ ግራ ክንዴ እንደገና ጠጠረ፤ ካኑላው ከነበረበት ሳይሆን ከዚያ በላይ፣ ወደ ብብቴ ተጠግቶ። ሐኪሙ ቀላል ሥራ ይሰጣት ብሎ ጻፈልኝ። የሰው ኃይል ክፍልዎ ኃላፊ የሐኪሙን ወረቀት በእርጋታ ካነበቡ በኋላ፣ መቀስና የስፌት መኪና የከባድ ሥራ መሣሪያዎች መሆናቸውን ጠቅሰው ሁለቱንም ከእኔ አነሡና፣ ያረጁ አንሶላዎችን በእጄ እየቀደድኩ መወልወያ ጨርቅ እንዳዘጋጅ መደቡኝ። በቀን አርባ አንሶላ። ጠርዙ ድርብ ስፌት ያለው፣ ያውም እኔው ራሴ እንዳይቀደድ አድርጌ የሰፋሁት። ስፌት ክፍል ውስጥ አፏ ስለማይዘጋ «ዚፕ» የምንላት የሥራ ባልደረባዬ በሁለተኛው ቀን አየችኝና «ቀላሉ ይህ ከሆነ ከባዱ ሬሳ ማንሣት ነው በይኛ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ኃላፊው ሲወጡ ጠብቃ ጠርዙን በመቀስ ትጀምርልኛለች። ዚፕ የቅጽል ስም ስለሆነ በማኅደር ቢፈልጓት አያገኟትም።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በአንሶላው ሰሞን ቀኝ ክንዴ ጀመረኝ። እባክዎ እዚህ ላይ ለአፍታ ይቁሙልኝ። በሳንባ ምቹ ጊዜ ቀኝ ክንዴን መርፌ አልነካውም፤ ካኑላ አልገባበትም፤ የተጎዳ አልነበረም። ምክንያት ያልነበረው ክንድ ሲጠጥር ነው እውነተኛው ፍርሃት የጀመረኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ልዩ ምርመራ ኮሚቴዎ።

መነጽር የሚያደርገው ወጣት ሐኪም ሁለቱንም ክንዶቼን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ሲያያቸው ቆየ። ከዚያም «እትዬ፣ ደም እንዲህ ቦታ እየቀየረ ደጋግሞ ሲረጋ አንዳንዴ ከውስጥ የሚያነሣሣው ነገር ይኖራል። ላይኖርም ይችላል። ሆድዎን በትልቁ ማሽን ማየት አለብን» አለኝ። ስለ ቤተሰቤም ጠየቀኝና የነገርኩትን ሲሰማ ጥያቄውን እዚያው ጻፈ፤ የነገርኩትን በአምስተኛው ቅሬታዬ ያገኙታል።

ትልቁ ማሽን፣ ሲቲ ስካን የሚሉት፣ አንድ ነው፤ በእርሱ ለመታየት የኮሚቴዎ ፊርማ ያስፈልጋል። ኮሚቴዎ በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ ይሰበሰባል። ከሰባት ቀን ያልበለጠ የደም ምርመራ ውጤት ይጠይቃል። ላቦራቶሪው ውጤቱን በአራት ቀን ያደርሳል። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ከስብሰባው ስድስት ቀን አስቀድሞ ፋይል መቀበል ያቆማል። አራትና ስድስት አሥር ነው፤ አሥሩን እንዴት ሰባት ውስጥ እንደማስገባ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የልብስ ስፌት ልምዴ አልተገለጠልኝም። ስለዚህ ፋይሌ በየወሩ «ውጤቱ ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ይመለሳል፤ እኔም በየወሩ አዲስ ደም እሰጣለሁ። ስድስት ጊዜ ሰጥቻለሁ። ይህን ለጸሐፊዎ ባስረዳት ራሷን ነቀነቀችና «እውነትዎን ነው፣ ግን የሰባቱን ቀን ያወጣው ኮሚቴው ነው፣ የስድስቱን ጽሕፈት ቤቱ ነው» አለችኝ። ሁለቱም አንድ ኮሪደር ላይ፣ በር ለበር ናቸው። አልሸሹም ዞር አሉ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ደሙ የሚቀዳው ከክንድ ነው። ደም ሥሩ የረጋ ክንድ በመርፌ በተወጋ ቁጥር እንደሚቆጣ የላቦራቶሪው ሰውዬ ከእኔ በላይ ያውቃል። ከእግሬ ወይም ከእጄ ጀርባ ይቅዳልኝ ብዬ ለመንኩት። ቅጹን አዞረና አሳየኝ፤ ሁለት ሳጥኖች አሉበት፤ «ቀኝ ክንድ» እና «ግራ ክንድ»። «እትዬ፣ እግር የሚል ሳጥን ቢኖር እኔስ ጠላሁ? ሳጥኑ ካልተሞላ ኮምፒውተሩ አይቀበለኝም» አለ። ሰውዬው ርኅሩኅ ነው። ክንዴን በሞቀ ውሃ ጠርሙስ አሙቆ፣ ቀጭኗን መርፌ መርጦ፣ ወደ ጎን ዞሬ ግድግዳውን እንዳይ ጠይቆኝ ይቀዳኛል። ከስድስቱ በአራቱ፣ በሳምንቱ ውስጥ የተወጋው ደም ሥር ጠጥሯል። ስድስተኛው ከቀኝ ክርኔ ላይ የተቀዳው ነው፤ እርሱ ከሁሉም ከፋብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጄ ብዕር በቅጡ አይጨብጥም። እንግዲህ ክንዶቼ መታመማቸውን ለማስረዳት ክንዶቼን በየወሩ ማሳመም የግድ ሆኖብኛል፤ ኮሚቴዎም ማስረጃው እንዳይቀዘቅዝ ስለሚተጋልኝ አመሰግናለሁ።

ማሽኑ ወረፋ ስለሚበዛበት ነው እንዳይሉኝ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የማሽኑን አልጋ አንሶላ ተኩሰን የምንልከው እኛ ነን። በየዕለቱ አንድ ቁልል ይሄዳል፤ ማታ ያገለገለው ለብቻው፣ ያላገለገለው ለብቻው ይመለሳል። በሳምንት ሦስት ቀን ቁልሉ እንደሄደ ይመለሳል፤ ያጠፍኩበት መስመር እንኳ አልተነካም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለሌላ ሰው ይሆናል፤ የእኔ ላም እዚሁ ምድር ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከስፌት ክፍሉ ሃምሳ ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ናት።

አራተኛ።

አራተኛውን ቅሬታ ጽፌው ነበር። ሳነበው ስድብ ሆኖ አገኘሁት። አጥፍቼዋለሁ። ቁጥሩ የቀረው የዘለልኩ እንዳይመስልዎት ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ታላቅ ወንድሜ።

ታላቅ ወንድሜ አናጢ ነበር። ከዛሬ አራት ዓመት በፊት ክንዱ መጠጠር ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው፣ ከዚያ ደግሞ ቀኙ። በዚህ ሆስፒታል አልታከመም፤ በእርሱ ጉዳይ እርስዎን ልወቅስ አልችልም፤ ነገር ግን ያዩት ሐኪሞች የነገሩት ቃል ተመሳሳይ ነበር። መላጊያ መግፋት ነው ያመጣብህ፣ ዕረፍት አድርግ፣ ትኩስ ጨርቅ አድርግበት፣ የሚገድል ነገር አይደለም። እርሱ ቀልደኛ ስለነበር ክንዱን እያሳየ «እህት ዓለም፣ አናጢ ሲያረጅ እንጨት ይሆናል መሰለኝ» ይለኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። አብሬው ስስቅ የነበርኩበትን ወር ሁሉ አሁን እየቆጠርኩ አዝናለሁ። በዘጠነኛው ወር ሆዱን አመመው፤ ምግብ እምቢ አለው፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ያን ጊዜ ማሽን ውስጥ አስገቡት። ካንሰሩ ቆሽቱ ላይ ነበር፤ ትልቅ ሆኗል፤ ከቆሽቱም አልፏል። ያየው ሐኪም ክንዶቹን ሲዳስስ «ይሄ መቼ ጀመረ?» ብሎ ጠየቀ፤ ዘጠኝ ወር እንደሆነው ስንነግረው ቀና ብሎ ሳያየን ጻፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ የኖረው ስድስት ሳምንት ነው፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ክብደቱ እኔ ብቻዬን ከአልጋ አንሥቼ ወንበር ላይ የማስቀምጠው ያህል ሆኖ ነበር።

ለመነጽራሙ ሐኪም የነገርኩት ይህንን ነው። ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ከኪሱ ቀይ ብዕር አወጣና በጥያቄው አናት ላይ «አስቸኳይ» ብሎ ጻፈ፤ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። በሆስፒታሉ የጽሕፈት ሥርዓት ቀይ ቀለም ለኦዲት ክፍል ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ በሰማያዊ ቀለም እንደገና ተጽፎ ይምጣ ተብሏል። በሰማያዊ ተጽፎ ሄደ። «አስቸኳይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ሲጻፍ ከሌላው ጽሑፍ ጋር ተመሳስሎ የማይታይ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ኮሚቴው በር ድረስ በእግሩ ሄዷል፤ በሦስተኛው «ሐኪም የአንድን ታካሚ ጉዳይ መከታተሉ አድልዎ ነው» ተብሎ ተመልሷል። ይህን የነገረኝ እርሱ አይደለም፤ እርሱ «እየሞከርኩ ነው» ብቻ ነው የሚለኝ።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የጻፍኩት ከነቀልዱ ነው፤ ይህን አንቀጽ ግን ሳልቀልድ እጽፍልዎታለሁ። እፈራለሁ። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው፤ ወንድሜ ሲሞት አርባ ዘጠኝ ነበር። ምግብ ትንሽ ካስጠላኝ እፈራለሁ፤ ቀበቶዬ ከላላ እፈራለሁ፤ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መጀመሪያ የማየው የዓይኔን ነጭ ነው። ምናልባት ምንም የለብኝም። መነጽራሙ ሐኪም ራሱ ምንም ላይኖር ይችላል ብሎኛል፤ ደሜ እንዲሁ የሚረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ለዚያም መድኃኒት አለው። ነገር ግን ካለ፣ ዛሬ ትንሽ ነው። የወንድሜም አንድ ቀን ትንሽ ነበር፤ ትንሽ በነበረበት ቀን ያየው ሰው ስላልነበረ ነው የሞተው። እኔ የምለምንዎት እንዲያድኑኝ አይደለም። እንዲያዩኝ ነው። ማሽኑ የሚወስደው ሃያ ደቂቃ ነው፤ እርስዎ ለመፈረም የሚወስድብዎት ከዚያ ያነሰ ነው።

ስለ ትዕግሥት እንዳይመክሩኝም አስቀድሜ እለምንዎታለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች ሰባት ወር ሙሉ ሲነግሩኝ ቆይተዋል፤ እኔም እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ጠብቄአለሁ። ችግሩ በእኔ ውስጥም ቀስ በቀስ እግር የሚያወጣ ነገር ሊኖር መቻሉ ነው፤ እርሱ ደግሞ የመጀመሪያውን ሐሙስ አይጠብቅም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኮሚቴዎ ሲሰበሰብ ሰባተኛው ማመልከቻዬ እንደ ወጉ ከፊቱ ይቀርባል። ሰባተኛ ደም ግን አልሰጠሁም፤ አልሰጥምም። የስድስቱን ውጤቶች በአንድ ላይ አያይዣቸዋለሁ፤ ስድስቱም አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ፤ ጊዜ ያለፈበት ካለ እርሱ እኔ ነኝ። ለዚህ አለመታዘዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሚገባኝ ከሆነ በደስታ እቀበላለሁ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የመጀመሪያዬ ስለሚሆን ፍሬም አሠርቼለት ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ይህን ረጅም ደብዳቤ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡትም ሊያነብልዎ የታዘዘው ሰው ስለደከመልኝ፣ ምስጋናዬ ወደ ላይ እስከ ቢሮዎ ድረስ ይድረስልኝ። የመጋረጃዎ ዘርፍ እንዳይተረተር፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ደም ሥርዎ እንዳይጠጥር እየተመኘሁ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን ዝቅ ካለው ክፍሌ አቀርባለሁ።

የስፌት ክፍል ሠራተኛዎ፣
በአሁኑ ጊዜ የአንሶላ ቀዳጅ

ግልባጭ፦
ለልዩ ምርመራ ኮሚቴ፣ በሰማያዊ ቀለም
ለላቦራቶሪ ክፍል፣ ከምስጋና ጋር
ለመዝገብ ቤት፣ የሚያምር ቁጥር እንዲሰጡት

ማስታወሻ፦ ይህን ጨርሼ ለመለጠፍ ስነሣ ከኮሚቴዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰባተኛው ማመልከቻዬ ሳይታይ ተመልሷል፤ ምክንያቱ የጎደለው ደም አይደለም። «የአመልካቿ ፊርማ በማኅደሯ ውስጥ ካሉት ስድስት ፊርማዎች ጋር ስለማይመሳሰል፣ ማንነቷ እስኪረጋገጥ ድረስ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል» ይላል። ሰባት ወር ሙሉ ክንዴን ያላየ ኮሚቴ ፊርማዬን በአንድ ቀን አየው፤ ዓይኑን ያበርታልን። እውነቱንም ነው፣ አይመሳሰልም። ስድስቱን የፈረምኩት በቀኝ እጄ ነበር።